ግድግዳው ውስጥ የሚፈሰው ውሃ

ሰኞ

ምላሴን በቆረጠው። አማቴን በውሃ አባካኝነት ከሰስኳቸው።

የጀማል እናት ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከሪራ ከመጡ ወዲህ ቤቱ አልሞቅ ብሏል። የጎባ ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ቦይለሩ ይሠራል፤ ራዲያተሩ ግን ከታች ሞቅ ይልና ከላይ በረዶ ነው። ለሱብሒ ሲነሱ ሁልጊዜ ግድግዳው ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ እሰማለሁ። ሙቅ ውሃውን ከፍተው የሚረሱት መሰለኝ።

«አዮ፣ ለውዱእ ይህን ያህል ውሃ ኢስራፍ አይሆንም?» አልኳቸው። ለሰጋጅ ሰው! ማባከን ኀጢአት መሆኑን እኔ የማስተምራቸው ይመስል።

«እሺ፣ ኢንታላ ኮ» አሉ። እንዲህ ተናግሬያቸው እንኳ ልጄ ነው የሚሉኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት መጋረጃውን ገለጥ ባደርግ አዮ ደጅ ናቸው። ከበርሜሉ በጆግ ቀድተው በዚያ ውርጭ ውዱእ ያደርጋሉ። ሲጨርሱ ጉልበታቸውን ይዘው በስንት መከራ ተነሱ። ሮጬ ላስገባቸው ስል ሰማሁት። ግድግዳው ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቃል። እሳቸው ደጅ፣ የቤቱ ቧንቧ ሁሉ ዝግ።

ደርቄ ቀረሁ። ለካ ቦይለሩ በራሱ የሚነሳው በሱብሒ ሰዓት ነው።

ቁርስ ላይ ያመጡትን ማር አቀረቡልኝ። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ መጀመሪያ ምክንያቱን ልወቅ ብዬ ተውኩት። ፈሪ!

ከሰዓት አዮ ብድሬ ከተማ ለሥራ ለሄደው ጀማል ሲደውሉ ሰማሁ። ነገ ወደ ሪራ የሚሄድ መኪና እንዲፈልግላቸው ነው። የሐኪም ቀጠሯቸው ሐሙስ አይደል እንዴ?

ረቡዕ

ማሞቂያውን የገጠመው ሰው የሚኖረው ሮቤ ከተማ ነው፤ ደወልኩለት። «አየር ይዞ ነው። በቅርቡ ውሃ ጨምራችሁበታል?»

ጨምሬያለሁ። እኔው ራሴ፣ አየሩን ሳላስወጣ ሞልቼ ዘግቼዋለሁ።

እንዳለኝ አደረግሁ። ቦይለሩን አጠፋሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ቆየሁ፣ ራዲያተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ብሎን በጨርቅ ይዤ ትንሽ አላላኋት። ሽሽሽ አለ። «ቢስሚላህ!» አሉ አዮ፤ ሳህኑን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ትፍ ትፍ እያለ ጥቁር ውሃ ወጣ። ውሃው ሳይቆራረጥ ሲመጣ ብሎኗን መልሼ አጠበቅኳት።

ተንበርክኬ እንዳለሁ ነገርኳቸው። «አዮ፣ ድምፁ ይሄ ነበር። እርስዎ ምንም አላጠፉም። አፉ ይበሉኝ።»

አፉ የእኛ የወሎዎች የይቅርታ ቃል ነው፤ የነሱም ከዚያው ከዓረብኛ የመጣ መሰለኝ። «አውፊ፣ አውፊ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «እኔ እኮ ውሃ በጀርባዬ ተሸክሜ ያደግኩ ሰው ነኝ» አሉ።

የት ልግባ!

ሐሙስ

ራዲያተሩ እስከ ላይ ሞቋል። አዮ አልሄዱም፤ ረፋድ ላይ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።

ከሱብሒ በፊት ነቅቼ ጆሮዬን ጣልኩ። ግድግዳው ጭጭ ብሏል። የጓሮው በር ሊከፈት ነው ብዬ ልቤ ተሰቀለ። አልተከፈተም። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ተከፈተ፤ ቀጭን፣ በጣም ቀጭን። ወዲያው ተዘጋ። ደግሞ ለአፍታ ተከፈተና ተዘጋ።

ምናለ ትንሽ ሰፋ አድርገው ቢከፍቱት።