ለእህቴ ያልተነገረ የደም ውጤት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኔ ከጤና ጣቢያው አጥር ማዶ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህቴ በእርግዝናዋ ወራት ከእናንተ ዘንድ ስላገኘችው መስተንግዶ ለማመስገን ሲሆን፣ በአደባባይ እንድጽፈው የፈቀደችልኝም እርሷው ናት።

፩. በሦስተኛ ወሯ ስትመጣ ደሟ ሳትጉላላ ስለተወሰደላት እናመሰግናለን። ለምን እንደሆነ ብትጠይቅ ነርሷ «ለሁሉም ነፍሰ ጡር ነው» ብለው በአጭሩ ገላገሏት፤ እርሷም ለደም ማነስ መስሏት ቀይ ሥር ስትበላ ከረመች።

፪. ኤች አይ ቪ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ፣ መድኃኒቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ልጁን ማትረፍ እንደሚቻል የሚያስረዱት አማካሪ ሥልጠና ላይ ነበሩ። ሥልጠናው ስለ ምክር አሰጣጥ መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ።

፫. አራት ጊዜ ተመላልሳ፣ አራቱንም ጊዜ «ምክር ተሰጥቷታል» ተብሎ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ካርዷ ላይ ሰፍሯል። ቫይረሱ በደሟ መገኘቱም እዚያው፣ እኛ በማናውቀው የሐኪም ምልክት ተጽፏል። ምስጢር አጠባበቃችሁ የሚደነቅ ነው፤ ከባለቤቷም፣ ከእኔም፣ ከራሷም ጠብቃችሁታል።

ጉዳዩን ያወቅነው ልጇ በሰባተኛ ወሩ ሳንባውን ታሞ ሌላ ሆስፒታል ሲተኛ ነው። ሐኪሟ የእናትየውን ካርድ አገላብጠው «መድኃኒቱን ለምን አልጀመርሽም?» ቢሏት፣ እህቴ «የምን መድኃኒት?» አለች። ሐኪሟ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና የተጻፈውን አነበቡላት። ልጁ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈ። ከቀብር ስንመለስ ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አርሶት ነበር። «በገዛ ጡቴ» ትላለች እስከ ዛሬ፤ ስለ ልጇ ሌላ ቃል አይወጣትም።

ቁጥር አራትም ነበረኝ፤ ሳልጽፈው ስለቀረሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሥልጠናው እንዲበዛ፣ ወንበርዎም እንዲጸናልዎ በመመኘት፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

የአንዲት እናት ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ አሁን መድኃኒቷን ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት በራችሁ ላይ ቆማ የሚወጡትን ነፍሰ ጡሮች ደማቸው ለምን እንደተወሰደ ያውቁ እንደሆነ ትጠይቃለች። ትናንት ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ አላወቁም። ከዘጠኙ አንዷ የስድስት ወር እርጉዝ የሆነችው የራስዎ ጸሐፊ ናት፤ ይህን ደብዳቤ ተቀብላ ያስገባችልዎም እርሷ ናት።