ከእሷ ወንበር ሥር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የጎረቤትን ሶፋ አድሼ አስረከብኩ። ተመልሼ በሩን ራሴ ከፈትኩ። ድሮ ሳላንኳኳ ይከፈትልኝ ነበር።

ሬዲዮ አበራሁ... ለወሬው ሳይሆን ለድምፁ። ስለ አንዲት መርዛማ ሸረሪት ያወራሉ። ጥቁር፣ ሆዷ ላይ ቀይ ምልክት ያላት። ከዕቃ ጋር በመርከብ ተሳፍራ አገር ካገር ተዛምታለች አሉ። እኛም ጋ ደርሳለች። እሷ ባሕር ተሻግራ መጣች፤ እኔ ልጄ ቤት ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ሰባት ወር አልደረስኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ልጄ ደወለች! እሑድ ጉንዳኔን ይዛ ልትመጣ ነው። ጉንዳኔ የልጅ ልጄ ናት፤ በየቀዳዳው ስለምትገባ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሰባት ወር ሳይመጡ የቀሩት በኔ ጥፋት ነው። ሕፃኗ የሟች ባለቤቴ ወንበር ላይ ስትንጠላጠል ጮኽኩባት። እናቷ አቅፋት ወጣች። ያኔ ትድህ ነበር... አሁን ትራመድ ይሆን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ለእሑድ ቤት ሳጸዳ የባለቤቴ ወንበር ሥር መጥረጊያ ሰደድኩ። ድር ያዘው፤ ወፍራም፣ ሲጎትቱት የሚንጣጣ። ባትሪ አበራሁ። ያቺ ሸረሪት አለች። ቀዩ ምልክት ቁልጭ ብሎ። አጠገቧ ሁለት የእንቁላል ከረጢት።

ባለፈው ወር ከባሕር ማዶ የመጣ አሮጌ ሶፋ እዚሁ ፈትቼ ነበር። እኔው ሳላስገባት አልቀርም።

ለልጄ ልንገራት? ከነገርኳት ትቀራለች። ካልነገርኳት... ያቺ ሁሉን የምትነካካ እጅ አለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ስልኩን ሦስቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ነገርኳት።
"የት አገኘሃት አባዬ?"
"ወንበር ሥር።"
"የእማዬ?"
"አዎ።"
"በል ቤቱ ሲጸዳ ንገረኝ።"
ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
የጠራሁት የተባይ መድኃኒት ረጪ መጣ። ሸረሪቷን ከነከረጢቶቿ በጠርሙስ ከተታት።
"ሰው የማይነካው ቦታ ነው የምትወደው። እዚህ ላይ ሰው ይቀመጣል?"
"ዓመት አልፎታል።"
"ጨርቁም ስፖንጁም ወልቆ ይጣል።"
"ሌላ መላ የለውም?"
"ጋሼ፣ ሶፋ አዳሹ እርስዎ ነዎት ወይስ እኔ?"

እሑድ፣ ጥቅምት 10
ማንም አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ወንበሯን መፍታት ጀመርኩ። "የሰው ሁሉ ሶፋ ታደሰ፣ የኔ ወንበር አረጀ" ትለኝ ነበር ባለቤቴ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ... ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ቀኝ ክንዱ ላይ እጇ ያሳሳው ቦታ አለ። እሱ ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ከዚያ ቀደድኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ቢጫ ጨርቅ አለበስኩት። ቢጫ ነበር የምትፈልገው። ለልጄ ደወልኩ። "ጸድቷል" አልኳት። "ወንበሩስ?" "ለመቀመጫ ነው።" "እሺ አባዬ" አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 17
መጡ። ጉንዳኔ ትራመዳለች? ትሮጣለች እንጂ! ቀጥ ብላ ወደ ወንበሩ። ልጄ ልትይዛት ተንደረደረች።
"ተያት" አልኳት።
ከነጫማዋ ወጣችበት። ጭማቂውንም ደፋችበት። ልጄ አየችኝ፤ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ከሄዱ በኋላ ገልብጬ በባትሪ አየሁ። ምንም የለም። አቃናሁትና ተቀመጥኩበት። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬበት አላውቅም። ለካ ከዚህ ሆኖ በመስኮቱ እስከ መንገዱ ጫፍ ይታያል... ባለቤቴ ሳላንኳኳ የምትከፍትልኝ ለዚህ ኖሯል።