ፒካፗ ለምን እንደምትቆም ደረስንበት

ለምወድህ ወንድሜ ለታዴዎስ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ሁሉ ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጀርባህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይስ ዛሬም ዕቃ የምታወርደው ብቻህን ነው? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? እህል በደንብ ትበላለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ አልፎ አልፎ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ምንም አትልም። ታናሻችን ሐዳሳ ለፈተና እያጠናች ነው፤ ማለቴ መጽሐፍ ታቅፋ ትተኛለች። አባዬን ግን ብታየው አታውቀውም። ከሐሙስ ጀምሮ ግቢውን እየዞረ መዝሙር ያንጎራጉራል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንዳትለኝ። በስልክ ብነግርህ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ብቻ ነበር የምትሰማው፤ ይህ ደግሞ በግማሽ የሚሰማ ወሬ አይደለም። ደግሞም ረቡዕ ወደ ደርባን የሚመለሰው ሚክያስ በእጅህ እንዲሰጥህ ፖስታው ውስጥ አንድ ነገር አስቀምጬበታለሁ። ምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ እነግርሃለሁ። ዘለህ አታንብብ፣ አውቅሃለሁ።

ወሬው ስለ ፒካፗ ነው። ታዴ፣ ደረስኩበት! ያ ሁሉ ሰው አይቶ ያላገኘው ሕመሟ ተገኘ። ስንጽፍልህ እንደከረምነው ረጅም መንገድ ስትሄድ በመጀመሪያ ትስላለች፣ ቀጥላ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ጸጥ ትላለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ ትሄዳለች። ከተማ ውስጥ ግን ጤነኛ ናት። ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን ጠና ኮፈኗን ስንቴ ከፍቶ አያት መሰለህ። ካንዴላ ቀየረላት፣ ካርቡራተሯን አጠበላት፣ ሽቦዎቿን አንድ በአንድ ፈተሸ። ከዚያ ከተማውን አንድ ዙር ሲያዞራት ምንም አትልም። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ የሚጠፋበት ሰው አለ፣ እሷም እንደዚያ ናት እያለ ይመልስልን ነበር። በመጨረሻ ሁላችንም በቤንዚኑ ላይ ፈረድን። ታንኳ ሲሞላ ይብስባት ነበርና፣ መጥፎ ቤንዚን በበዛ ቁጥር መባሱ አይቀርም አልን። ነገሩ ልክ ይመስል ነበር እኮ።

እንዳትጨነቅ ብለን ያልነገርንህ ነገር አለ። ክረምቱ ሊገባ ሲል አባዬ ትርፊት የምትባል ሴት ምጥ ይዟት ከሌሞ ወደ ሆስፒታል ሲያመጣት ፒካፗ መንገድ ላይ ቆመችበት። ምጡ ሲፋፋም በዚያ ያልፍ የነበረ ባለጋሪ ተለምኖ ትርፊትን ወሰዳት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ ልጁማ አሁን ድንቡሽ ብሏል። አባዬ ግን ደህና አልሆነም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የየገጠሩን ሕመምተኛ ማመላለስ ሥራዬ ነው ብሎ እንደያዘ ታውቃለህ። ከዚያን ቀን በኋላ ሰዎች ሲደውሉለት ስልኩን እያየ ሳያነሳው ይተው ጀመር። እማዬ ስትቆጣው፣ አምኖኝ የተሳፈረ ሰው መንገድ ላይ ቢሞትብኝ ለቤተሰቡ በምን አፌ እናገራለሁ አላት። ከዚያም ሊሸጣት ቆረጠ። የተስማማው ጃጁራ ካለ አጵሎስ ከሚባል ሰው ጋር ነው፤ አሮጌ መኪና እየገዛ በታትኖ ዕቃውን ይሸጣል። የእኛዋ ተበታትና መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ ይታይህ!

ሐሙስ ዕለት አባዬ፣ እማዬና እኔ ልናስረክባት ወጣን። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ አባዬ መሪ አስነክቶኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን አንቺው ንጃት፣ እኔ እጄ አይታዘዝልኝም አለኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ? ጠዋት ደግሞ ሰው ቤት ባዶዋን አልሰዳትም ብሎ ታንኳን ጢም አድርጎ አስሞልቶላታል።

ከከተማ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ትስል ጀመር፣ ተንገጫገጨች፣ ቆመች። አባዬ እንደ ልማዱ ወርዶ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ቤንዚን መኖሩን ለማየት የታንኩን ክዳን ከፈተ፣ መልሶ ቆለፈ፣ ከዚያ ኮፈኗ ላይ እጁን ጭኖ ጸለየ። አስነሺያት አለኝ፤ ተነሳች። ሁልጊዜ የሚሆነው ይኸው ነበር። ያን ቀን ግን በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር ሰማሁ። ክዳኑ ሲላቀቅ ታንኩ እፍፍ ብሎ አየር ሳበ። የአባዬ ጆሮ እንደከበደ ታውቃለህ፤ ለካ እሱ ያንን ድምፅ አንድም ቀን አልሰማውም።

ናስረዲን ሱቅ የዘይት ቆርቆሮ ሲከፈት ትዝ አለኝ። በአንድ በኩል ብቻ ከተበሳ ዘይቱ እየተንገጫገጨ ጥቂት ይወርድና ይቆማል፤ በሌላው ጎን ቀዳዳ ሲጨመርለት ነው የሚንቆረቆረው። በሚቀጥለው ስትቆም ጸልይ፣ ክዳኑን ግን አትክፈት አልኩት። አባዬ፣ እግዚአብሔርን ልትፈትኚ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ይህን ጊዜ እማዬ ከመሃል ሆና፣

“እግዚአብሔርን አይደለም፣ ክዳኑን ነው የምትፈትነው” አለችው።

ደግማ ቆመች። አባዬ ከወትሮው አስረዝሞ ጸለየ፣ እኔም ለማስነሳት ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እምቢ አለች። ክዳኑን ስንከፍተው እፍፍ አለ፣ ወዲያው ተነሳች! የትርፊት ዕለት ሳትነሳ የቀረችውም ለካ አባዬ ደንግጦ ክዳኑን ስላልከፈተ ነው። ክዳኑን አውልቄ የታንኩን አፍ በእማዬ መሐረብ ላላ አድርጌ አሰርኩትና ነዳሁ። ጃጁራ እስክንገባ አንዴ እንኳ አላሳላትም። እኔ መሪውን ይዤ እየዘመርኩ ነበር።

አባዬ ግን ክዳኑን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ያገላብጠው ነበር። ታዴ፣ እዚህ ጋ ቁጭ በል። ሌቦች ቤንዚናችንን ቀድተው የድሮውን ክዳን ሲወስዱ ጊዜ፣ አንተ ሁለት ቁልፍ ያለው ክዳን ልከህ የለ? እሱ ነው። ክዳኑ ጥፋት የለበትም፣ ለአዲስ መኪና የተሠራ፣ አየር የማያስገባ ነው፤ የእኛ አሮጊት ግን ለካ የምትተነፍሰው በክዳኗ በኩል ብቻ ኖሯል። ታንኳ ሲሞላ ይብስባት የነበረውም ውስጡ የሚቀረው አየር ጥቂት ስለሆነ ነው። አንተ እስክትልክ በጨርቅ ተደፍና ደህና ትሄድ እንደነበር እንኳ ረሳነው። አባዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጄ የላከልኝ እያለ ያሳየው ነበር፣ በለስላሳ ጨርቅም ይወለውለው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የአንተን ስጦታ ግን ማን ይጠርጥር? አባዬ መጀመሪያ የተናገረውም ይህን ነው፦

“ለታዴዎስ እንዳትነግሪው። ሊጠብቀኝ ብሎ ነው የላከው፣ ይከፋዋል።”

አጵሎስ የሞተሯን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑ በራ። ይቺማ አትፈታም፣ ራሴ ነው የምነዳት አለ። አባዬ ይኼኔ ቆጣ ብሎ፣ መንዳቱንማ እኔም እችላለሁ አለና ቁልፏን ከእጄ ተቀበለኝ። አጵሎስ ሳቀ፣ ምሳ አብልቶ ሸኘን። የተመለስነው አባዬ እየነዳ ነው።

በማግስቱ ሌላ ክዳን እንግዛ ስለው አልሰማኝም፣ የልጄን አላወልቅም አለ። ስለዚህ ጠና በቀጭኑ መሰርሰሪያ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በሳለት። ስንቴ ከፊት ከፍቼ አየኋት፣ ከኋላዋ መታነቋን አላወቅሁም እያለ በራሱ ሳቀ። ቅዳሜ ከሌሞ ሲደወል አባዬ ስልኩን ወዲያው አነሳ። ሄዶ አንድ ሽማግሌ ሆስፒታል አድርሶ ሲመለስ ከበሩ ጀምሮ፣ አልሳለችም፣ አልሳለችም ይለን ነበር። እማዬ ከደስታዋ ብዛት ተቀምጣ አለቀሰች።

በል እንግዲህ፣ እማዬ በጣም ሳሚልኝ ብላለች፤ ጀርባህን ሙቅ ነገር አድርግበት ትልሃለች። ሐዳሳ ሰላም ብላሃለች፤ ፈተናውን ካለፈች ምን እንደምትልክላት ራስህ አስብ፣ ክዳን ግን አይሁን ትላለች። ጠናና ትርፊትም ሰላም ብለውሃል።

አባዬ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐሳቡን ቀየረ። ጻፊለት አለኝና ተቀምጦ የኖረውን ሁለተኛውን የክዳን ቁልፍ ከሣጥኑ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገው። ፖስታው ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሰላምታው ይህ ብቻ ነው፦

“ይኼ የእሱ ነው። መጥቶ በገዛ እጁ ይክፈታት። እኔ ጆሮዬ አይሰማም፣ መተንፈሷን እሱ ይስማልኝ።”

የምትወድህ እኅትህ ጣቢታ

ሆሳዕና፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.