ምች መስሎን ነበር

ይድረስ ለልጄ ለኢማን። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፣ ደግ ጎረቤት ይስጥሽ።

የእጅ ጽሑፉ እንግዳ አይሁንብሽ። እየነገርኳት የምትጽፍልኝ በርበሬ በረንዳ ከጎኔ የምትሸጠው ለተብርሃን ናት። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት በርበሬ ስሰፍር ቀኝ እጄ ከዳኝ፣ አፌም ተጣመመ። ሴቶቹ ምች ነው ብለው ዳማከሴ እያሹ ሲቀቡኝ ዋሉ፤ ሐኪም ቤት የደረስኩት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ስትሮክ ነው፣ ወዲያው መምጣት ነበረብሽ አሉኝ። በሴቶቹ አልፈርድም፤ ራሴን ካላመመኝ ብዬ የግፊቱን ኪኒን የተውኩት እኔው ነኝ።

አንቺም ልጅሽን ስትወልጂ ግፊት ተነስቶብሽ ነበር። ደህና ነኝ ብለሽ አትዘናጊ፣ ተለኪ።

ቤቱ ጭር ብሏል። የሰው ድምፅ እንድሰማ ሬዲዮ ከፍቼ እውላለሁ። ስልክሽን ያላነሳሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ምላሴ ይይዘኛል፤ ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ይህችን ደብዳቤ እንኳ ለተብርሃን ሁለት ቀን ታግሳኝ ነው የጻፈችው።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ልጅሽን ለወግ ያብቃልሽ። ጁምዓ ደውዪልኝ፣ አነሳለሁ። ዝም ያልኩ ቢመስልሽም አትዝጊው፤ ስምሽን እየጠራሁ ነውና እስኪወጣልኝ ጠብቂኝ።

እናትሽ