በአንተ ስልክ የሚመጣው ኮድ

አባዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ በረዶው መጥቶ ሄደ፤ መኪናህን ታቆምበት የነበረው ዛፍም እንደገና አበባ አወጣ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። ታውቀኛለህ፣ ለመናገር ጊዜ ይፈጅብኛል። ዛሬ ግን ለእማዬ እንኳ ልነግራት ያልቻልኩት ነገር አለ።

እማዬ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታ ኤርፖርት ያለው ሥራዋ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። አንተ ነበርክ የምታደርሳት። አሁን አውቶቡስ ይዛ ባቡር ትቀያይራለች፤ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። አሌክሳንድሪያ፣ ወንድምህ ጋሼ ሰለሞን በሚኖርበት ሕንፃ አንድ የሚከራይ ቤት ሲገኝ እንዴት ደስ እንዳላት። ለሥራዋ ቅርብ ነው። ጋሼ ደግሞ “እኔ ከላይ ነኝ፤ ወጥ ስታሳርሩ ሽታው ይነግረኛል፣ ወርጄ እቆጣችኋለሁ” ሲል ሳቀች። ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

አፕላይ ባደረግን በማግስቱ የሕንፃውን ቤቶች የምታከራየው ሴትዮ ኮል አደረገችን። የእማዬ ክሬዲት ፍሪዝ ስለተደረገ፣ ማለትም ስለተቆለፈ፣ የብድርና የክፍያ ታሪኳን ሪፖርት ማየት አልቻልኩም፣ እስከ ዓርብ ካላስከፈታችሁ ቤቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አለች።

ያኔ ትዝ አልከኝ። አንድ የማናውቀው ሰው በእማዬ ስም ስልክ ያወጣ ጊዜ ላፕቶፑን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ከፍተህ የሰውን ክሬዲት የሚመዘግቡት ሦስቱም ድርጅቶች ጋ ያዘጋኸው አንተ ነህ። እማዬ ምን እየሠራህ እንደሆነ ስትጠይቅህ “በሩን እየቆለፍኩልሽ ነው። በስምሽ ብድር የሚወስድ ሌባ ቢመጣ አበዳሪው ፋይልሽን ማየት ስለማይችል አይሰጠውም። ቤት የምንገዛ ቀን እከፍተዋለሁ” አልካት። ከዚያ ወደ እኔ ዞርክ። “በስልክ የሚመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም። እኔ ነኝ ብዬ ብደውልልሽ እንኳ እንዳትነግሪኝ” አልከኝ። ስልክ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ላይ የሞላኸው የራስህን ነበር። የእማዬ ጉዳይ ሁሉ በአንተ በኩል ስለሚሄድ ማናችንም ምንም አልመሰለንም።

ስልክህ ግን ተዘግቷል፣ አባዬ። ለምን እንደዘጋነው ልንገርህ። እናትህ እምዬ መሞትህን አልሰማችም። ጋሼ ሰለሞን “እናቴ የልጇን ሞት በስልክ አትሰማም። እኔው አሰላ ሄጄ፣ ሽማግሌ ይዤ፣ በማለዳ ነው የማረዳት። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል” ብሎ አስጠነቀቀን። መጀመሪያ ፓስፖርቱ ዘገየ፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ኦፕሬሽን ተደረገ። ለእሷ ሩቅ ቦታ ሥራ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም ተባለላት። እሷ ግን መደወሏን አልተወችም። ስልክህ ቁም ሳጥኑ ላይ ሲጮህ ከእማዬ ጋር እንተያያለን። አንድ እሁድ ላነሳው እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ። “ተይ፣ ድምፅሽ ያሳብቅብሻል” አለችኝ። በማግስቱ መስመሩን አዘጋችው።

ሁለቱን ድርጅቶች በስልክ አስከፈትን፤ እኔ በጆሮዋ እየነገርኳት እማዬ ራሷ አወራች። ሦስተኛው፣ ያቺ ሴትዮ ሪፖርቱን የምታይበት ድርጅት፣ ኮዱን ወደ አንተ ቁጥር ልከናል ከማለት ሌላ ነገር የለውም። ብዙ ጠብቀን የሚያነጋግረን ሰው አገኘን፤ ስለ ድሮ አድራሻችን ሲጠይቃት ተደናግራ ሳተች። በመጨረሻ የመታወቂያዋን ኮፒ በፖስታ ላኩ ተባልን። ላክን፤ ግን ለዓርብ እንደማይደርስ ገብቶን ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቻዬን ወደ አንተ ቁጥር ደወልኩ። ፒዛ ለማዘዝ እንኳ አንተን አስደውል የነበርኩት እኔ። አንድ አሜሪካዊ ሰውዬ አነሳ። ቁጥሩ አሁን የእሱ ሆኗል። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩትና፣ አሁን ኮድ ይመጣልሃል፣ እባክህ አንብብልኝ አልኩት። እውነትሽን ሊሆን ይችላል፣ ግን ኮድ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም፣ ይቅርታ አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም። አንተም ብትሆን እንደዚያው ነበር የምትለው።

ልዘጋ ስል፣ ቆይ አለኝ። አንዲት አሮጊት በየእሁዱ ትደውላለች፤ ቋንቋዋ አይገባኝም፤ ተሳስተሻል ብላትም ማውራቷን አታቆምም፤ ታውቂያታለሽ ወይ? አለኝ።

ምን ልበለው አባዬ? የሥራ ጓደኛህ መስሏት ይሆናል። አቅርብልኝ እያለችው ይሆናል። “አያቴ ናት” አልኩት። ከዚያ “እባክህ አትዝጋባት” ብቻ አልኩት። እሺ አለኝ። ኮዱን የከለከለኝ ሰው ለዚህ እሺ አለ።

ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ክሬዲቱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ ስትሰማ አላለቀሰችም፤ “እሱ እንዳደረገው መልሰሽ ዝጊው” ብላኝ ባቡሯን ለመያዝ ወጣች። ዘጋሁት። አሁን ኮዱ የሚመጣው በእሷ ስልክ ነው።

እምዬ እንደምትደውል ግን ለእማዬ አልነገርኳትም። ለጋሼም አልነገርኩም። ብነግራቸው ምን ያደርጋሉ? እሁድ ሲሆን አሁን እየደወለች ነው እላለሁ፤ የማናውቀው ሰው በአንተ ቁጥር ዝም ብሎ እየሰማት ነው። እሷ ዘንድ አሁንም አለህ። ጋሼ አሰላ የሚደርስበት ማለዳ ግን ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ እሷም መደወሏን ትተዋለች። እኔ ያን ጊዜም ቁጥርህን ከስልኬ አላጠፋውም። ስምህ እዚያው እንዳለ ይቆያል፣ በየእሁዱም አየዋለሁ።

ልጅህ ቤዛ