የቶሎሳ የእረፍት ወረቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1978

ቶሎሳ ዐይኑ ደም መስሎ ገባ። ከባኮ በቆሎ ጭኖ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ መሪ ላይ። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው የእኅቴ የብዙነሽ ልጅ ቢሆንም፣ ወረቀት የምፈርመው እኔ ስለሆንሁ እኔው ጋ ያድራል፤ እንደ ሌሎቹ አዳሪ ሾፌሮችም ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው የሚገባው። መሥሪያ ቤታቸው አምቦ ላይ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳይተኙ እንዳያልፉ አዟል። ያሳደራቸው ሰው የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት ጽፎ ይፈርማል፤ ኬላው ወረቀቱን ያያል። እኔ የምጽፈው ጠዋት፣ ሲነሡ ነው።

ዛሬ ግን፣ "አክስቴ፣ እርስዎ ጠዋት ኪዳን ይሄዳሉ። እስኪመለሱ ቆሜ ልጠብቅ? አሁን ይጻፉልኝ፤ ይኸው ልተኛ ነው" አለኝ።

ጻፍሁ። "ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተነሣ" የሚል። ገና ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጌ ስፈርም የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ከኪዳን ተመልሼ አልጋውን ላነጥፍ ገባሁ። የአንሶላው ማዕዘን እኔ እንዳጠፍሁት ነው። ያን አስተጣጠፍ አዳሪ ትምህርት ቤት በዱላ ነው የተማርሁት፤ ሰው ተኝቶበት እንዲያ አይሆንም።

ጎረቤቴን መካኒኩን ጠየቅሁ።

"ቶሎሳ? ከእኔ ጋር የመኪናውን ባሌስትራ ሲፈታና ሲገጥም ነው ያደረው። ዛሬ አዲስ አበባ ካልደረሰ መኪናውን ለሌላ ይሰጡበታል።"

ነጠላዬን እንደ ለበስሁ ኬላ ሄድሁ። ፈታሹን ዲሪባን ልጅ ሳለ ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

"አልፏል፣ እትዬ።"

"ዐይኑን አላየህም?"

"የእርስዎ ጽሕፈት ካለ የሾፌር ዐይን አላይም።"

ጊንጪ ኬላ ደውሎ እንዲያስቆመው ለመንሁት። መስመሩ እምቢ አለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ወሬው ዛሬ ደረሰኝ፤ ቶሎሳ ትናንት ጊንጪ ሳይደርስ ከመንገድ ወጥቷል። እግሩ ተሰብሯል። አንድ የደንዲ ገበሬ ከነአህያው ሞቷል። የገበሬውን ስም ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አጣሁ።

እህል አልቀመስሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። እልልታው እስከ ቤቴ ይሰማል። አልሄድሁም።

ብዙነሽ መጣች፤ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

"ፍሬን ተበጠሰብኝ ብሏል። ወረቀትሽ ተኝቷል ይላል። ከአንቺ የሚፈለገው ዝምታ ብቻ ነው።"

"አልተኛም፣ ብዙነሽ።"

"ዕድሜሽን የሰው ልጅ ስሕተት በቀይ ስታከብቢ ኖርሽ። የእኔን ልጅ ደግሞ እስር ቤት ክተቺው።"

"ወረቀቱ የእኔ ነው፤ እኔም እጠየቃለሁ።"

"አንቺን አሮጊቷን ማን ያስርሻል?"

እውነቷን ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የፖሊስ መርማሪ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑን ጠየቀ፤ ነው አልሁ። ሲተኛ አይቼው እንደሆነ ጠየቀ። አላየሁም፣ የጻፍሁት አስቀድሜ ነው፣ አልጋው አልተነካም አልሁት። "ልጁን ይጎዳል፣ እማማ" አለ። አውቃለሁ። ነገ ሦስት ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እፈርማለሁ።

የገበሬውን ስም ከፋይሉ አነበበልኝ። ጉተማ። አራት ልጆች።

ብዙነሽ ከአጥሩ ማዶ በርበሬ ታሰጣ ነበር። ሰላም አልኋት። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ማታ ሁለት ሾፌሮች ማደሪያ ጠየቁ። አንደኛው ቆሞ ያንቀላፋል። ወረቀቱን አሁን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ጠዋት፣ ስትነሡ አይቼ፣ አልኋቸው።

ነገ ኪዳን አልሄድም።