ደጋግሞ ያረሰ ምርቱ ይቀንሳል

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ መርጡለ ማርያም ድረስ ይድረስዎ። እንደምን ሰንብተዋል? ጾሙ አልጠናብዎትም? የጉልበትዎ ቁርጥማትስ ተሻለዎት? እማዬንስ ጉንፋኑ ለቀቃት? በሬዎቹስ ደህና ናቸው? እኔ እመቤታችን ትመስገንና አካሌ ደህና ነው፤ አንጀቴ ግን አርሯል፣ ያሳረሩትም እርስዎ ነዎት። በስልክ እንዳልነግርዎ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ብለው ስልኩን ለእማዬ ያቀብሏታል። ስለዚህ ጻፍኩ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ነገር ያውቃሉ። አንድ ገበሬ ጤፉን ከመዝራቱ በፊት ስንት ጊዜ እንዳረሰ፣ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደጨመረ፣ መሬቱ ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ ዝናቡ መቼ እንደገባለት፣ በመጨረሻም ስንት ኩንታል እንዳገኘ ይጠየቃል። ኮምፒውተሩ ሁሉንም አንድ ላይ ይመዝንና፣ ሌላው እኩል ሆኖ አንዱ ብቻ ቢጨምር ምርቱ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል ያሰላልኛል። ሪግሬሽን የሚሉት ይኸው ነው። በዚያ ስሌት የከርሞው ምርት ገና ሳይታጨድ መገመት ይቻላል፤ ተጠያቂው እውነቱን እስከተናገረ ድረስ።

የወጣልኝን ውጤት ልንገርዎ? ደጋግሞ ያረሰ ሰው ምርቱ ይቀንሳል! አማካሪዬ ዶክተር ሄለን ይህን አይተው «በእናንተ አገር ጤፍ ሳይታረስ ይበቅላል ልትይኝ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ዓይኔ እስኪጠፋ ስህተቴን ፈለግሁ። ለካ ስህተቱ ከእኛው ደጅ ኖሯል።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ ጎረቤታችን አያ ይታያል በቀደም ለጉዳይ እዚህ መጥተው ሁለት መለኪያ አረቄ ሲቀምሱ ጉዱን ዘረገፉልኝ። ለጥናቴ የላክኋቸው ጠያቂዎች ሊመጡ ሲሉ የማኅበሩን ሰው ሰብስበው «እህል ሲቆጠር በረከቱ ይነሳል፤ ጎተራው የሞላለት ቀነስ አድርጎ ይናገር» ያሉት እርስዎ ነዎት አሉ! ብዙ ያለው ብዙ ደበቀ፤ የሌለው ምን ይደብቃል፣ እውነቱን ተናገረ። ስንት ጊዜ እንዳረሰ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ደረቱን ነፍቶ አንድም ሳያጎድል ዘረዘረ። ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን ይበል? ጎበዝ አራሹ ሁሉ ሰነፍ ሆኖ ቁጭ አለልዎ።

አባዬ፣ አውድማ ላይ እህል እንደማይቆጠር አላጣሁትም፤ እዚያው ያደግሁ ነኝ። ግን እህሉ ጎተራ ከገባ ስንት ወሩ ነው! ደግሞስ እኔ ግብር ሰብሳቢ ነኝ? ዶክተር ሄለን መረጃውን እስከ ግንቦት ካላስተካከልኩ ዘንድሮ እንደማልመረቅ ነግረውኛል። ለፋሲካ ስመጣ ቤት ለቤት ዞሬ እንደ አዲስ እጠይቃለሁ። ሰዉ የሚያየው የእርስዎን አፍ ነው፤ እርስዎ ቀድመው እውነቱን ከተናገሩ ሌላው ይከተላል። በረከቱ ይሄዳል ብለው ከሰጉ ቄሱን ጠርተው ጎተራውን ጠበል ያስረጩ፤ ብቻ ይንገሩኝ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለእህቴ ለዜማ በጣም እንደናፈቀችኝ ይንገሩልኝ። አያ ይታያልንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ስለ አረቄው እንዳይቆጧቸው፣ እሳቸው ባይቀምሱ ኖሮ እስካሁን ከኮምፒውተሩ ጋር ስጣላ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ያስቡልኝ። ጽሑፉ ሲጠረዝ ሽፋኑ ላይ ከስሜ ቀጥሎ የሚጻፈው የእርስዎ ስም ነው። እጅዎ እስኪሻክር አርሰው አሳድገውኛል። ስምዎን ከላይ ጽፌ፣ ከሥሩ ማረስ ጥቅም የለውም ብዬ እንድፈርም አያድርጉኝ።

ልጅዎ፣
የኔአለም አካለ ወልድ

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.